በመዝገብ ያልነበረችው ምንጭ

ሰው ጡረታ የሚወጣው በስድሳ ዓመቱ ነው። እኔ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ወጣሁ። የክሊራንሱን ወረቀት ለመጨረሻ ጊዜ አስፈርሜ፣ ቡትስ ጫማዬን ለንብረት ክፍል አስረክቤ ከድርጅቱ ግቢ ስወጣ እስከ አስፋልቱ የሸኘኝ የዘበኛው ውሻ ብቻ ነበር። አሁን ቦንጋ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለሰዎች ማመልከቻ እጽፋለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ ይህን እጽፋለሁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ፈቃድ መጠየቅ ነበር። አንድ የማዕድን ድርጅት በካፋ ዞን ባለ አንድ ኮረብታ ሆድ ውስጥ ዩራኒየም መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ዋሻ መቆፈር ፈለገ። ከመቆፈሩ በፊት ከቀበሌ እስከ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ተስማምቷል የሚል ወረቀት ያስፈልጋል። ያንን ወረቀት የማመጣው እኔ ነበርኩ። አመጣሁትም። ወረቀቱ ሲመጣ የአሥራ አንድ ቤት ሰው የሚጠጣው ውሃ ጠፋ። የድርጅቱንም የቀበሌውንም ስም አልጠራም፤ የጥፋቱ ግማሽ የኔ ስለሆነ የራሴን ግማሽ ብናገር ይበቃኛል።

ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ግጥም እየጻፍኩ፣ የሚያርምልኝ ስላልነበረ ራሴ እያረምኩ ኖርኩ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሲሳይ ለወረዳው ያስገቡት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ግልጽ አይደለም ተብሎ ተመልሶባቸው ኖሮ፣ አንድ ቀን ይህቺው በረንዳ ላይ ቆመው ሲነጫነጩ ሰማሁና ልጻፍልዎት አልኳቸው። አራተኛው ደብዳቤ አለፈ። በማግስቱ ቀጠሩኝ፤ የሥራ መደቤ የፈቃድ ጉዳይ ክትትል ሠራተኛ ተባለ። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃል።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ለወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ይወልዳል፤ የወረዳው ደብዳቤ ለዞኑ፣ የዞኑ ለክልሉ፣ የክልሉ ለአዲስ አበባ። ከጎን ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ አለ፤ የጨረራ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አለ። አንዱ ማህተም ሲቀር ሁሉም ይቆማል። ጊዜው የቢፒአር፣ የመሥሪያ ቤቶች አሠራር ማሻሻያ ጊዜ ነው፤ በየቢሮው በር ላይ አገልግሎቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ተለጥፏል፤ ኃላፊው ግን ግምገማ ላይ ናቸው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል የተባለውን ፊርማ ዋጫ ከተማ ተቀምጬ ዘጠኝ ቀን ጠብቄዋለሁ። ሺሺንዳ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ሐዋሳ ኮሪደር ላይ ስጠብቅ፣ አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ስጠብቅ ወጣትነቴ አለፈ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፋይሉን እንዳይረጥብ በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ላይ እይዘዋለሁ። ምሳ ስበላም ከጎኔ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። አስተናጋጆች ሰው የምጠብቅ እየመሰላቸው ሁለት ብርጭቆ ያመጡልኝ ነበር።

ቦንጋ ስመለስም የሚቀበለኝ አልነበረም። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ እህቴ ጅማ ናት። የሻይ ቤት ጓደኞቼ ዩራኒየም ቦምብ ይሠራበታል የሚለውን ከሬዲዮ ሰምተው ስሜን ቀየሩት። ስገባ አንዱ ወንበሩን ሸሸት ያደርግና፣ «ተነሱ፣ ቦምቡ መጣ!» ይላል። መጀመሪያ አብሬ እስቅ ነበር። ኋላ አንዳንዶቹ የእውነታቸውን ራቅ ብለው እንደሚቀመጡ አስተዋልኩና መግባቱን ተውኩት።

በዚያ ሁሉ ዓመት የሥራ ትምህርት ያስተማሩኝ አንድ ሰው ናቸው። ጋሽ ደምሴ የድርጅቱ ጂኦሎጂስት ነበሩ፤ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተገለሉ በኋላ በኮንትራት የመጡ። ድንኳን ውስጥም ቢያድሩ በየማለዳው ጢማቸውን ይላጫሉ። የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው፤ ዝናብ እስክሪብቶን ያጥባል፣ እርሳስን ግን አይነካውም ይላሉ። የጨረራ መለኪያውን ይዘን ስንወጣ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደተፈለገው ድንጋይ አልነበረም። ራቅ ብለው፣ ምንም ከሌለበት ሜዳ ላይ ቆመው መሣሪያውን በወገባቸው ትክክል ይይዙና ሦስት ጊዜ ያነባሉ። ወጣትነቴ አቁነጥንጦኝ ለምን ጊዜ እንደምናጠፋ ብጠይቃቸው፣ ባዶውን ያላወቀ ሙሉውን ሊያውቅ አይችልም አሉኝ።

ምንጭ የሚለኩበትን ዘዴ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልሠራው እችላለሁ። ከአጠገብ የኮባ ቅጠል ይቆርጣሉ፤ ቅጠሉን አጥፈው ከምንጩ አፍ ሥር በጭቃ ይመርጉትና ውሃው ሁሉ በአንድ መስመር እንዲወርድ ያደርጋሉ። ከዚያ ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ደግነው በእጅ ሰዓታቸው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይቆጥራሉ። ሦስት ጊዜ። ሴቶች እየቀዱ ከሆነ ቀድተው እስኪሄዱ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ማንኪራ ላይ ስላየኋት ምንጭ የጻፍኩትን ግጥም አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ጥሩ ነው፤ በደቂቃ ስንት ሊትር?» አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ስብሰባ ሲኖር ቀጥታ አዳራሽ አይገቡም። መጀመሪያ አዳራሹን ይዞሩታል። እኔ ሽንት ቤት የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር። ስጠይቃቸው ሰው የሚቆጠረው ከውጭ ነው አሉኝ። የአገሩን ወግ ስለማያውቁ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

የአገሩ ወግ ይህ ነው። ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ፤ ጫካ ዳር ይኖራሉ፤ ድሮ አዳኞች ነበሩ፤ ዛሬ ማገዶና ከሰል ለገበያ ያወጣሉ። ሌላው ሰው ከእነሱ ጋር አይጋባም፤ ከዕቃቸው አይበላም፣ አይጠጣም። ሰው ቤት አይገቡም፤ ስብሰባ ሲጠራ ከደጅ ቆመው ይሰማሉ። ሕጉ እኩል ናችሁ ይላል፤ በየስብሰባውም ይነገራል፤ ሲነገርም ከደጅ ቆመው ነው የሚሰሙት። አያቴ ከሸዋ የመጡ ሰው ቢሆኑም እኔ ቦንጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ካፊኖኖ ከአማርኛ እኩል የምናገር፣ ወጉንም ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ነኝ። ሰዎች ዓይንህ አይስትም ይሉኝ ነበር፤ የአንድን ሹም ቀለበት መውለቅ ከበር ላይ አያለሁ። አጥር ዳር የቆመ ማንጆ ግን ለኔ ከአጥሩ አይለይም ነበር።

ወሳኙ ስብሰባ ሲደርስ ጋሽ ደምሴ የዓይን ሞራ ሊገፈፉ ጅማ ሆስፒታል ነበሩ። ከመሄዳቸው በፊት የአካባቢውን ምንጮች ዝርዝር እኔ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ፤ ከሚቀዱት ሴቶች አፍ ጠይቅ፣ ከዚያ በእግርህ ሄደህ ለካ አሉኝ፤ ጀሪካናቸውንም ሰዓታቸውንም ሰጡኝ። አቶ ሲሳይ በበኩላቸው በየሰዓቱ ይደውላሉ። የክልሉ ገምጋሚ ኮሚቴ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀመጣል፤ ይህ ካለፈን ከክረምት በኋላ ነው፤ ሠላሳ የሥራ ዕድል የሚጠብቅ ሕዝብ አለ ይሉኛል። እኔም ቸኩዬ ነበር። ስሜ ያለበት ነገር አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ እንዲጸድቅ እፈልግ ነበር።

የቀበሌው አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሰዉ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ስለ ልማት ተናገሩ፤ እኔ ስለ ዋሻው አስረዳሁ፤ የስም ዝርዝሩን በየመስመሩ አዙሬ አስፈረምኩ። ምንጮቹን ስጠይቅ አምስት ተጠሩልኝ፤ ጻፍኩ። ያኔ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው መንጫጫት ሲጀምር መሃል ላይ ያለ ሰው ጎረቤቱን አይሰማም። እኔ ግን ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነበር። ከውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዘጠኝ ያህል የማንጆ ሰዎች ተጠግተው ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዲት ሸምገል ያለች ሴት አንገቷን ወደ መስኮቱ አስግጋ በካፊኖኖ ጠየቀችኝ።

«ጉድጓዱ በኮረብታው በየትኛው ጎን ነው የሚገባው?»

ሊቀመንበሩ ከኔ ቀድመው ይነገራችኋል አሏት። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብለው በአማርኛ፣ «እሱን አትጻፈው፤ ዝርዝሩ ላይ የለችም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ የለችም። ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ካርታው ደግሞ እግሬ ሥር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ማሳየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አላወጣሁም። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፤ «የአካባቢው ነዋሪዎች አንድም ሳይቀሩ በነቂስ ወጥተው፣ በነጻነት ተወያይተው፣ የቀረበላቸውን የልማት ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል» ይላል። ዝናቡ ጋብ ሲል ተነሥቼ አነበብኩት። ዓረፍተ ነገሩ ምት ነበረው፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ግጥም አንብቤ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

አምስቱን ምንጮች በሦስት ቀን ለካሁ። በትክክል፣ በኮባ ቅጠል፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ዘጠኙ ሰዎች ወደሄዱበት ወደ ምሥራቁ ጎን አልሄድኩም።

ክልሉን አለፍኩ። አዲስ አበባ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን የሚመረምሩት ባለሙያ ወይዘሮ ሰብለ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ሌሎች ማህተሙን ሲያዩ እሳቸው ገጹን ያነባሉ። የምንጮቹ ሠንጠረዥ ላይ ሲደርሱ ካርታውን አጠገቡ አደረጉና ዋሻው በሚገባበት በምሥራቁ ጎን ለምን አንድም እንደሌለ ጠየቁኝ።

«የሚቀዳ ሌላ ምንጭ የለም?»

«የለም» አልኩ።

ጥቂት አዩኝ። የዚያ አገር ልጅ እኔ ነኝ፤ ኮረብታውን እሳቸው አላዩትም። አመኑኝና ፈረሙ። ፈቃዱ በሦስተኛው ሳምንት ወጣ። አቶ ሲሳይ በግ አሳረዱ፤ በሰው ፊት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው የድርጅቱ እስክሪብቶ አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ አንድ ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ከጅማ ተመለሱ። ለድርጅቱ ማኅደር የተያዘውን የምንጮች ሪፖርት በአንድ ዓይናቸው አነበቡት። ልኬቱን አመሰገኑ። ከዚያ አዳራሹን ዞረህ ነበር ወይ አሉኝ። ዞሬያለሁ አልኩ። ማን ነበር ሲሉኝ ማንም አልኩ። ለምን እንደዋሸኋቸው ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ለወይዘሮ ሰብለ የዋሸሁት ለፈቃዱ ነው። ለጋሽ ደምሴ የዋሸሁት ግን እንዳይታዘቡኝ ነው፤ ይህኛው ይከፋል። እርሳሳቸውን አውጥተው ከስሜ ሥር ፈረሙ።

ዋሻው ተጀመረ። በየቀኑ ጥቂት እየተፈነዳ፣ ድንጋዩ በጋሪ እየወጣ፣ እያንዳንዱ ጋሪ በጨረራ መለኪያው ፊት እያለፈ ወደ ኮረብታው ውስጥ ገባን። በሁለተኛው ወር ከጣሪያው ውሃ መንጠብጠብ ጀመረ፤ በሳምንቱ መውረድ ሆነ፤ ፓምፕ አስገቡ። ጋሽ ደምሴ ተረበሹ። ይህ ውሃ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ነው የመጣው አሉ። እኔን አስከትለው አምስቱን ምንጮች እንደገና ለኩ። አንዱም አልቀነሰም። በአምስተኛው ምንጭ ላይ ቁጢጥ ብለው ሰዓታቸውን እያዩ ቆዩና፣ «ታዲያ በፓምፕ የምናወጣው የማንን ውሃ ነው?» አሉ።

መልሱን አውቅ ነበር። ቅጠሉን ከጭቃው ነቀልኩ።

መልሱ በማግስቱ ራሱ መጣ። ያቺ በመስኮት የጠየቀችኝ ሴት ባዶ እንስራ አዝላ ከግቢው በር ራቅ ብላ ቆመች። እትዬ አማረች ይባላሉ። ዘበኛው ምን እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው ውሃችን የት እንደገባ ንገሩን አሉ። አልጮሁም። ስለ ጠፋ በግ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁት።

አቶ ሲሳይ ሪፖርቱን ገልጠው ሠንጠረዡን አሳዩ። «አምስት ምንጭ ነው ያለው። በመዝገብ የሌለ ምንጭ እንዴት ብሎ ይደርቃል?» አሉ። ሊቀመንበሩም ያ ውሃ ድሮም በበጋ የሚጠፋ ነው ብለው መሰከሩ። እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ጋሽ ደምሴ ጀሪካኑን አንስተው እትዬ አማረችን ተከትለው ሄዱ፤ እኔም ከኋላቸው። ምንጯ ከአሥራ አንዱ ጎጆዎች በላይ፣ ሁለት ትልልቅ ዛፎች ሥር ናት። ድንጋዩን እንደ ምንጣፍ ያለበሰው ሽበት ገና አረንጓዴ ነበር። ጋሽ ደምሴ ተንበርክከው በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ ጠረጉ። የሚለካ ነገር አልነበረም። ምን ያህል ይወርድ እንደነበር ካላወቅን ምን ያህል እንደጠፋ አንልም አሉ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ወደኔ ሳይዞሩ፣ «ዞሬያለሁ ብለኸኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ አልተቆጡኝም፤ ሥራም አልከለከሉኝም። ሲለኩ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠሩልኝ ነበር፤ ያንን ተዉት፤ ራሳቸው አንብበው ራሳቸው ይጽፉ ጀመር። ምንጯ መኖሯን የሚገልጽ ማስታወሻ ለአቶ ሲሳይ ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ መረጃ የለም ተባሉ። ኮንትራታቸው ሲያልቅ አልታደሰም። የሄዱ ቀን በማለዳው አውቶቡስ ተራ የሸኘናቸውን ሁሉ በየተራ ጨበጡ። እኔንም ጨበጡኝ። ከሾፌሩ ለይተው አልጨበጡኝም። ጀሪካኑን ግን ትተውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ዝም ያልኩባቸው ናቸው። ግጥም ልጽፍ እቀመጥና የሚመጣልኝ ያ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንድም ሳይቀሩ በነቂስ ወጥተው። ምቱ ጆሮዬን አልለቀው አለ። የድርጅቱ ሰዎች የኔን ዝምታ እንደ ወገንተኝነት ቆጥረው ወደዱኝ። አንድ እሑድ ጀሪካኑን ይዤ ብቻዬን ወደ እትዬ አማረች መንደር ሄድኩ።

ከጎጇቸው ፊት የማገዶ ሸክም እያሰሩ አገኘኋቸው። አልተነሡም፤ ተቀመጥም አላሉኝም። ምንጯ በቀን ምን ያህል ትወርድ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ውሃ ይቆጠራል እንዴ፣ ትቀዳለህ እንጂ አሉኝ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶችም ሳቁ። አንዷ የመንግሥት ሰው ሲደርቅ ነው የሚቆጥረው አለች። ልመለስ ስል እትዬ አማረች እጃቸውን ከልጡ ሳያነሡ፣ «እንስራውን ከሥሯ ደግኜ ሸክሜን ማሰር እጀምር ነበር» አሉኝ። «የመጨረሻውን ቋጠሮ ስስብ ሞልቶ ይፈሳል። በጋም ክረምትም።»

ቆምኩ። ያሰሩትን ሸክም እንዲፈቱትና እንደገና እንዲያስሩት ለመንኳቸው። ይህ ልጅ አብዷል ብለው ለሌሎቹ በካፊኖኖ ነገሯቸው፤ እንደምሰማ እያወቁ። ቢሆንም ፈቱት። ሰዓቴን ይዤ ከመጀመሪያው ጭራሮ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ አሰሩልኝ፤ ልዩነቱ ከትንፋሽ አይበልጥም። የሌሎቹን ሴቶች ሸክምም እንዲሁ፤ የእያንዳንዷ የእጅ ፍጥነት ይለያያል፣ እንስራዋም ይለያያል። እንስራዎቹን በጀሪካኑ እየሞላሁ ምን ያህል እንደሚይዙ ለካሁ። ለዚህ የሚሆነውን ውሃ ከሌላ መንደር፣ አንድ ሰዓት ከሚያስኬድ ቦታ ተሸክመው ያመጡት ነበር፤ ጠብታ ሳላፈስ መለስኩላቸው። ማታ ቤቴ ሊትሩን ለደቂቃው ሳካፍል የአራቱም ሴቶች ቁጥር አንድ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ምንጯ ቁጥር አገኘች።

ሪፖርቱን በእርሳስ ጻፍኩት። ልኬቱ ሁለት ገጽ ነው። ውብም አሳዛኝም የሚል ቃል የለበትም። በሦስተኛው ገጽ በስብሰባው ቀን ከአዳራሹ ውጭ እነማን እንደነበሩ፣ ምን እንደተጠየቅሁ፣ ምን ሳልጽፍ እንደቀረሁ አሰፈርኩ። ፈቃድ ከአቶ ሲሳይ ሳልጠይቅ አዲስ አበባ ሄድኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሳላስፈቅድ የሠራሁት ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ሰብለ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ገጽ አነበቡ። ማገዶ በማሰር ነው የለካኸው አሉኝ። የአራቱን ሴቶች ሠንጠረዥ አሳየኋቸው። በጣታቸው እየተከተሉ ራሳቸው አካፈሉት። ከዚያ ሦስተኛውን ገጽ አነበቡ፤ እሱን ሲያነቡ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የለም ብለኸኝ ነበር፤ እኔም በአንተ ቃል ፈርሜያለሁ።»

«አዎ።»

«ይህን በእስክሪብቶ ጻፍና ፈርምበት። በእርሳስ የተጻፈ ጥፋት አልቀበልም።»

እዚያው ጠረጴዛቸው ጠርዝ ላይ ገለበጥኩት። እስክጨርስ ውሃ አልጋበዙኝም፤ ትክክል ነበሩ።

ከሁለት ወር በኋላ ባለሙያዎች መጡ፤ ዋሻውን አዩ፤ ፓምፑን አዩ፤ የድንጋዩን ሽበት ነኩ። ቁፋሮው ታገደ። ድርጅቱ የዋሻውን ውስጥ በሲሚንቶ እንዲደፍን፣ ምንጯ እስክትመለስ ደግሞ ከላይኛው ጅረት በቧንቧ ለአሥራ አንዱ ቤት ውሃ እንዲያወርድ ታዘዘ። የምርመራ ፈቃዱ ጊዜው ሲያበቃ አልታደሰም። አቶ ሲሳይ አስጠርተው ያጎረሰህን እጅ ነከስክ አሉኝ። ሊቀመንበሩ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። ሥራውን ተስፋ ያደረጉ ወጣቶች ነበሩ፤ እነሱም ባይጠሉኝ ይገርመኝ ነበር።

ለጋሽ ደምሴ ስልክ ደወልኩላቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስንት ጊዜ ለካህ አሉኝ። ሦስት ሦስት ጊዜ አልኳቸው። ደህና አሉና ስለ ዓይናቸው ጥቂት አወሩኝ፤ ተሰነባበትን። ተመልሰው አልደወሉም።

ባለፈው ሳምንት ወደ መንደሩ ወጣሁ። ዋሻው ከተደፈነ ወዲህ ምንጯ ላይ ርጥበት እንጂ ውሃ አላየሁም። ቧንቧው ግን ይወርዳል፤ ከእትዬ አማረች ጎጆ አጠገብ ነው የተተከለው። ሰላምታ ሰጠኋቸው። አዲሱ ውሃ እንዴት ነው ስላቸው ይጠጣል፣ የቀድሞዋን ግን አያህልም አሉ። ምንጯ ትመለሳለች ብዬ አስብ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። አላውቅም የሚል ሰው ከከተማ ሲመጣ ገና ዛሬ አየሁ አሉና ተነሥተው ቤት ገቡ።

ሲወጡ ጣሳ ይዘው ነበር። ከቧንቧው ሞልተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ተቀበልኩ። አቀበቱን ስወጣ ጠምቶኝ ነበር። ጣሳው ንጹሕ ነው፤ የሚጠጡበት የራሳቸው ጣሳ ነው። እጄ ወደ አፌ ሲሄድ መሃል ላይ ቆመ። ለቅጽበት ነው፤ እኔም ልብ ያልኩት ከቆመ በኋላ ነው። ቀና ስል እትዬ አማረች እጄን እያዩ ነበር።

«ጠጣው» አሉኝ በእርጋታ። «ባለሙያዎቹ ለክተውታል፤ ጨረራ የለበትም።»

ጠጣሁት። እስከ መጨረሻው። ጣሳውን ስመልስላቸው ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም፤ እሳቸውም ወደ ሸክማቸው ተመለሱ።